ለቤት ወለል፣ ግድግዳና መደብ የሚስማማ የኮንክሪት አጨራረስ እንዴት ይመረጣል?

ከአንድ ዓይነት ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር የተቦካ ኮንክሪት፣ እንደ አጨራረሱ ብርሃን የሚያንጸባርቅ የሳሎን ወለል፣ ዝናብ ሲዘንብበት የማያዳልጥ የግቢ መተላለፊያ፣ ወይም የፎርምዎርኩን፣ ማለትም ኮንክሪቱ የተሞላበትን ቅርጽ፣ የጣውላ መስመር አትሞ የያዘ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ምርጫው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከፎቶግራፍ ሲጀመር ነው። ፎቶግራፉ የሚነሣው ወለሉ ገና ሰው ሳይኖርበት፣ ዘይት ሳይደፋበት፣ የወንበር እግር ሳይፍቀው በመሆኑ፣ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው። እኔ የምመርጠው አካሄድ ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው፦ አስቀድሞ ያ ገጽ በየቀኑ ምን እንደሚያገኘው ማሰብ፣ ቀጥሎ ኮንክሪቱ ራሱ ምን ሊቀበል እንደሚችል መመርመር፣ መልክንና ቀለምን በመጨረሻ ማንሣት።

የቤት ኮንክሪትን የሚፈትኑት በዋነኛነት ውሃ፣ እግር፣ አሲድና ፀሐይ ናቸው። የመኝታ ቤት ወለል ከእነዚህ የሚያውቀው እግርን ብቻ ስለሆነ፣ በአግባቡ የተሠራ ማንኛውም አጨራረስ ይበቃዋል። የኩሽና መደብ፣ ማለትም ምግብ የሚዘጋጅበት ጠረጴዛ መሰል ገጽ፣ ግን ሎሚና ኮምጣጤ የሚፈስበት፣ ትኩስ ድስት የሚያርፍበት በመሆኑ ፈተናው ከቤቱ ሁሉ የከበደ ነው። በረንዳን ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል፤ የሻወር ወለልን ደግሞ ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃና ባዶ እግር በአንድ ጊዜ ያገኙታል። መላው ቤት አንድ ዓይነት አጨራረስ ይኑረው የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ቢያምርም፣ ሳሎኑን የሚያስጌጠው ልስላሴ ሻወር ውስጥ አጥንት ሊሰብር ይችላል።

ገና የሚሞላ ነው ወይስ ቀድሞ የተሞላ?

ይህ ጥያቄ ከምርጫዎቹ ግማሹን ወዲያው ያስወግዳል። ገና በሚሞላ ኮንክሪት ቀለሙ ከቡኮው ጋር ሊቀላቀል፣ የጠጠሩ ዓይነት ሊመረጥ፣ ገጹ በመጥረጊያ ሊሰመር ወይም ጠጠሩ ታጥቦ ሊገለጥ ይችላል። ሆኖም ውሳኔው ከሙሌቱ ቀን በፊት ያለቀለት መሆን አለበት፤ ሠራተኞቹ ወለሉን እያስተካከሉ ሳለ የቤቱ ባለቤት ሐሳቡን ቢለውጥ ሲሚንቶው አይጠብቀውም። ከዓመታት በፊት በተሞላ ኮንክሪት ላይ የሚቀሩት መሞረድ፣ በኬሚካል ማቅለም፣ በስስ ንጣፍ መሸፈን ወይም ቅብ መቀባት ናቸው።

የቆየ ኮንክሪት ላይ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሦስት ቀላል ፍተሻዎች ሊደረጉለት ይገባል። የመጀመሪያው የውሃ ጠብታ ነው፤ በተለያዩ ቦታዎች ጥቂት ውሃ ጠብ ሲደረግ ኮንክሪቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጠጥቶት ከጠቆረ ቀዳዳው ክፍት ነው፣ ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ግን አሮጌ ማሸጊያ (ውሃና እድፍ እንዳይገባ የሚቀባ ፈሳሽ) ወይም ዘይት ስላለበት ያ ሳይወገድ አዲስ ነገር አይጣበቅበትም። ሁለተኛው የእርጥበት ፍተሻ ነው። ጎንና ጎኑ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ወፍራም ፕላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር ተጣብቆ ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆያል፤ ሲነሣ ከሥሩ ጤዛ ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከአካባቢው ይበልጥ ከጠቆረ፣ ከመሬት እየወጣ ያለ እርጥበት አለና እንደ ኢፖክሲ ያለ የማይተነፍስ ቅብ ተቀርፎ መነሣቱ አይቀርም። ሦስተኛው በምስማር መጫር ነው። ጭረቱ ዱቄት ካፈሰሰ የላይኛው ንጣፍ ደካማ ስለሆነ፣ ምንም ዓይነት አጨራረስ ቢመረጥ ያ ደካማ ገጽ በመጀመሪያ ተፍቆ መውረድ አለበት። ስንጥቅ ካለ ደግሞ በሁለቱም ጎኑ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ለጥቂት ወራት ርቀቱን መለካት ይጠቅማል፤ የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ በላዩ የተነጠፈውን ሁሉ ይዞ ይሰነጠቃል።

ሊሾ

ሊሾ ማለት የሲሚንቶው ገጽ በብረት ማለስለሻ ደጋግሞ በመጫን ጥቅጥቅና ለስላሳ እንዲሆን የተደረገበት አጨራረስ ሲሆን፣ ከሁሉም ቀላሉና ረዥም ዕድሜ ያለው ነው። ልዩ ማሽንም ሆነ ውድ ኬሚካል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ከባዱ ጠጠር ወደ ታች ሲሰክን ውሃው ወደ ላይ ይወጣል። ገጹ በዚህ ውሃ እያብረቀረቀ ሳለ ማለስለስ ቢጀመር ውሃው ከላይኛው የሲሚንቶ ቅባት (ሊጥ መሰል ልውስ) ጋር ተቀላቅሎ ሲሚንቶውን ያቀጥነዋል፣ ወይም ከተደፈነው ገጽ ሥር ታምቆ ቀርቶ በኋላ ቅርፊት ያስነሣል። ትክክለኛው ሰዓት የሚታወቀው በሰዓት ሳይሆን በጫማ ነው፦ ብርቅርቅታው ጠፍቶ ገጹ ሲደበዝዝ፣ ሰው ቢቆምበት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሚሰምጥ ዱካ ሲተው፣ በመጀመሪያ በእንጨት ማለስለሻ፣ ይበልጥ ሲጠና ደግሞ በብረቱ ይሠራል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። የዕቃ ማስቀመጫ ክፍሌ ወለል ሲሠራ ቀኑ እየመሸ ስለነበር፣ ሠራተኛው የቆመውን ውሃ ለማድረቅ ደረቅ ሲሚንቶ በተነበት፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ዘዴኛ ነው ብዬ አደነቅሁት። በሳምንቱ ወለሉ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ አወጣ፣ ከዚያ በኋላም በተጠረገ ቁጥር ግራጫ ዱቄት ይሰጠን ነበር፤ በመጨረሻ የላይኛውን 2 ሚሊ ሜትር ያህል አስፍቀን ካነሣነው በኋላ ነው የተገላገልነው። ውሃው እስኪተን መጠበቅ ወይም ከገጹ ላይ ጠርጎ ማስወገድ እንጂ ሲሚንቶ መበተን መድኃኒት አይደለም።

ሊሾ ከተጠናቀቀ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ሳይደርቅ ውሃ መጠጣት አለበት። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካላዊ ውህደት ስለሆነ፣ በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ያደረቀው ገጽ የቱንም ያህል ቢለሰልስ ደካማ ሆኖ ይቀራል። ውሃ እየያዘ የሚቆይ ፕላስቲክ ወይም የረጠበ ጆንያ ማልበስ ይቻላል፤ ነገር ግን የተጨማደደ ፕላስቲክ ባለ ቀለም ሊሾ ላይ የማይለቅ ጥላ እንደሚተው አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ተሞርዶ የተወለወለ ኮንክሪት

ብዙ ሰው ዛሬ ኮንክሪት ወለል ሲል በልቡ የሚያስበው ይህንን ነው። የሚሠራው የአልማዝ ቅንጣት በተጣበቀባቸው ዲስኮች ሲሆን፣ ከ30 ወይም 40 ቁጥር ሻካራ ዲስክ ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ 100፣ 200፣ 400፣ 800 ከዚያም እስከ 1500 ወይም 3000 ቁጥር ይወጣል። በመሐሉ የሶዲየም ወይም የሊቲየም ሲሊኬት ፈሳሽ ይቀባል፤ ይህ ፈሳሽ በኮንክሪቱ ውስጥ ካለው ኖራ ጋር ተዋሕዶ ሲሚንቶን ሲሚንቶ የሚያሰኘውን ያንኑ ጠንካራ ውህድ ስለሚፈጥር፣ የገጹ ቀዳዳ ይደፈናል፣ አቧራ መትፋቱም ይቆማል። ብርቅርቅታው ከላይ የተቀባ ቅብ ሳይሆን የኮንክሪቱ የራሱ መሆኑ የዚህ አጨራረስ ትልቁ ብልጫ ነው፤ የሚቀረፍ ነገር የለውም።

ባለቤቱ ሁለት ነገር መወሰን አለበት። አንደኛው ምን ያህል ይወልወል የሚለው ነው፤ በ400 ቁጥር የቆመ ወለል እንደ ሐር ደብዘዝ ያለ ውበት አለው፣ በ800 የመስኮት ብርሃን ይታይበታል፣ ከዚያ በላይ ወደ መስታወትነት ይጠጋል። በእኔ አስተያየት ለመኖሪያ ቤት ከ800 በላይ መሄድ ድካም ነው፤ እያንዳንዱን የእግር ዱካ የሚቆጥር ወለል ሲጠርጉ መኖር ደስ አይልም። ሁለተኛው ምን ያህል ጥልቀት ይሞረድ የሚለው ነው። ገጹ ብቻ በስሱ ከተነካ የሲሚንቶው ቅባት ይቀራል፤ ትንሽ ከጠለቀ አሸዋው እንደ ጨውና በርበሬ ብትንትን ብሎ ይወጣል፤ ብዙ ከጠለቀ ጠጠሩ ለሁለት ተቆርጦ ሆዱ ይታያል። ሙሌቱ ሲካሄድ ጠጠሩ እኩል ካልተሰራጨ፣ የተገለጠው ወለል አንዱ ጥግ ጠጠር በጠጠር ሌላው ጥግ ባዶ ሆኖ ያሳፍራል፤ በቆየ ወለል ላይም አሮጌ ጥገናና የቧንቧ ቁፋሮ ሁሉ እንደ ጠባሳ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ነገር የማይወድ ሰው ሌላ አጨራረስ ቢፈልግ ይሻለዋል።

አዲስ ኮንክሪት ብዙ ጊዜ የሚሞረደው 28 ቀን ከሞላው በኋላ ነው። ሥራው ሲካሄድ የሚወጣው ብናኝ ሲሊካ የያዘ ሲሆን፣ ለረዥም ጊዜ ወደ ሳንባ ከገባ የማይድን በሽታ ስለሚያስከትል፣ በውሃ እያረጠቡ ወይም አቧራ መሳቢያ በተገጠመለት ማሽን መሥራትና ተስማሚ የመተንፈሻ ጭንብል ማድረግ ግዴታ ነው።

ማይክሮ ሲሚንቶ

ወለሉን ከፍ ማድረግ በማይቻልበት፣ ወይም አሮጌ ሴራሚክ ማፍረስ በማይፈለግበት ቤት ማይክሮ ሲሚንቶ ጥሩ መፍትሔ ነው። ሲሚንቶ፣ ደቃቅ አሸዋና ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ማጣበቂያ) ተቀላቅለው በበርካታ ስስ ንጣፍ ተቀብተው፣ ውፍረቱ በአጠቃላይ 2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ግድግዳና ወለልን ያለ መገጣጠሚያ ማያያዙ ለመታጠቢያ ቤት ተመራጭ አድርጎታል። ሆኖም ስስነቱ ጥንካሬውም ድክመቱም ነው። የሴራሚኩ መሐል መስመር በደንብ ካልተሞላ ከወራት በኋላ ቅርጹን ይዞ ከላይ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ወለል ከተነቃነቀ አብሮ ይሰነጠቃል። ውሃ የሚከላከለው ላዩ ላይ የሚቀባው ማሸጊያ እንጂ ራሱ ስላልሆነ፣ ከሻወር ሥር የሚገባው የውሃ መከላከያ ንጣፍ ማይክሮ ሲሚንቶ አለ ተብሎ ሊቀር አይገባም።

ከቤት ውጭ

ዝናብ የሚያገኘው ማንኛውም ገጽ ሸካራ መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ቀላሉ መንገድ ገጹ ከተስተካከለና ውሃው ከተነነ በኋላ ጠንካራ ጸጉር ባለው መጥረጊያ በአንድ አቅጣጫ መሳብ ነው። መስመሮቹ ሰው ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር መስቀለኛ ቢሆኑ እግር ይይዛሉ። ወለሉ ራሱ በየአንድ ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘነበለ ሊሆን ይገባል።

ከዚህ የሚያምረው ጠጠሩ የተገለጠ አጨራረስ ነው። በአዲሱ ገጽ ላይ የሲሚንቶን መጠንከር የሚያዘገይ ፈሳሽ ይረጭና፣ ከሥሩ ያለው ሲጠነክር ለስላሳ የቀረው የላይኛው ንጣፍ በውሃና በብሩሽ ታጥቦ ይወሰዳል። (ስኳር ይህንኑ የማዘግየት ጠባይ አለው፤ ቡኮ ውስጥ ጥቂት ስኳር የገባበት ሲሚንቶ ሰዓቱን ጠብቆ አለመጥናቱ ከዚህ የመጣ ነው።) የተገለጠው ጠጠር ዘላቂና የማያዳልጥ ነው፤ በባዶ እግር የሚወጣበት በረንዳ ከሆነ ግን ድቡልቡል ጠጠር እንጂ የተፈጨ ሹል ጠጠር መመረጥ የለበትም። ድንጋይ ወይም ጡብ እንዲመስል በጎማ ቅርጽ የታተመ ኮንክሪትም አለ፤ የሚያምረው ላዩ ላይ ባለው ቅብ ስለሆነና ቅቡ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ስላለበት፣ ይህንን ለማድረግ ፈቃደኛ ላልሆነ ሰው አልመክረውም።

ከቤት ውስጥም ሆነ ከውጭ፣ ኮንክሪት ሲደርቅ ስለሚሸማቀቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ሰው የሚወስነው የት እንደሚሰነጠቅ ብቻ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል በየ2.4 እስከ 3 ሜትር ርቀት፣ የውፍረቱን ሩብ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ መቆረጥ አለበት። ቁርጡ በብዙ ሁኔታ ከሙሌቱ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን ውስጥ ካልተሠራ፣ ስንጥቁ ራሱ የወደደውን መንገድ ይዞ ይገኛል። መስመሮቹ ከበሩና ከግድግዳው ጥግ ጋር እንዲገጥሙ አስቀድሞ በፕላን ላይ ቢሰመሩ የአጨራረሱ አካል ይሆናሉ።

የኩሽና መደብ

ከኮንክሪት የሚሠራ መደብ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነሣው ክብደት ነው። የተለመደ ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2400 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መደብ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 120 ኪሎ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ቁም ሣጥን ይህንን መሸከም መቻሉ መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው አሲድ ነው። ሎሚ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ጭማቂው ለጥቂት ደቂቃ ቢቆይ፣ ሲጠረግ ገጹ ደብዝዞ ሲዳሰስም ሻከር ብሎ ይገኛል፤ ይህ እድፍ ሳይሆን አሲዱ ሲሚንቶውን በልቶት ስለሆነ በሳሙና አይለቅም። ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ማሸጊያ ዘይትን ያዘገያል እንጂ አሲድን አይመልስም። አሲድን የሚመልሰው እንደ ፖሊዩሬቴን ያለ ላዩ ላይ የሚቀመጥ ሽፋን ነው፤ ይህ ደግሞ በበኩሉ በቢላዋ ይጫራል፣ በትኩስ ድስት ይጎዳል። ሁለቱንም የሚችል ማሸጊያ ፍለጋ ከመድከም ይልቅ፣ ባለቤቱ የትኛውን ጉዳት መታገሥ እንደሚችል ቢወስን ይቀላል፦ እያደር ጥላና ጠባሳ የሚጨምር ሕያው ገጽ፣ ወይስ መክተፊያና የድስት ማስቀመጫ ሁልጊዜ የሚፈልግ ንጹሕ ገጽ። ሁለቱንም የማይችል ሰው መደቡን ከሌላ ነገር ያሠራ።

ግድግዳ

ግድግዳን እግር ስለማይረግጠው ነጻነቱ ሰፊ ነው። ልስን ያልተቀባው ኮንክሪት የሚያሳየው የፎርምዎርኩን ፊት ነው፤ ለስላሳ ኮምፔንሳቶ ለስላሳ ግድግዳ፣ ሻካራ ጣውላ የእንጨቱን ጭረት ይሰጣል። አርክቴክቱ ሌ ኮርቡዚየ በፈረንሳይዋ ማርሴይ ከተማ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1952 የተጠናቀቀው የመኖሪያ ሕንፃ የጣውላውን አሻራ ሳይደብቅ እንዳለ በመተዉ ነው ለብዙዎች አርአያ የሆነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከተበላሸ ማስተካከያ የለውም፤ ጥገናው ከጥፋቱ ይልቅ ይታያል።

ቀለምና ናሙና

ከቡኮው ጋር የሚቀላቀለው ቀለም የብረት ኦክሳይድ ቢሆን ፀሐይ አያነጣውም፤ መጠኑም ከሲሚንቶው ክብደት ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሲሚንቶው ግራጫ ከሆነ ደማቅና ፈካ ያለ ቀለም አይገኝም፤ ለዚያ ነጭ ሲሚንቶ ያስፈልጋል። ውሃ የበዛበት ቡኮ ስለሚነጣ፣ አንዱ ቡኮ ቀጥኖ ሌላው ወፍሮ ከተሠራ ወለሉ ዥንጉርጉር ይሆናል። በቆየ ኮንክሪት ላይ የሚቀባው የአሲድ ቀለም ደግሞ ከኖራው ጋር ተዋሕዶ የማይጠፋና እኩል ያልሆነ ጥላ ይሰጣል፤ እኩል የሆነ ቀለም የሚፈልግ ሰው ይህንን መምረጥ የለበትም። አሲድ በሚበረዝበት ጊዜ ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። እርጥብ ሲሚንቶም ራሱ ቆዳን ያቃጥላልና ጓንት ያስፈልጋል።

ማሸጊያን በተመለከተ፣ ወደ ውስጥ ዘልቀው የሚገቡት የኮንክሪቱን መልክ ብዙም ስለማይለውጡና ስለማይቀረፉ ለውጭ ይመረጣሉ። ኢፖክሲ ጠንካራ ቢሆንም ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ስለሚሆን ለበረንዳ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ከተወሰነ በኋላ፣ ለወለሉ በሚሠራው ቡኮና በሚሠሩት እጆች 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ይሞላ። እንደ ትክክለኛው ወለል ውሃ ጠጥቶ፣ ተሞርዶ፣ ግማሹ በአንድ ማሸጊያ ግማሹ በሌላ ይቀባ፤ ከዚያም ዘይት፣ ቡና፣ ሎሚና ኮምጣጤ በየቦታው ጠብ ተደርጎ ይደር። ጠዋት ታጥቦ በመስኮት ብርሃን ይታይ፣ ውሃ ፈሶበትም በባዶ እግር ይረገጥ። ናሙናው ከተወደደ አይጣል፤ በኋላ ሥራው ሲጠናቀቅ ከወለሉ ጎን አስቀምጦ ማነጻጸር፣ ከዓመታት በኋላም አዲስ ማጽጃ ወይም ማሸጊያ መጀመሪያ በእርሱ ላይ መሞከር ይቻላል።

ለዕለት ጽዳት አሲድም ሶዳም ያልበዛበት ለዘብተኛ ሳሙና በቂ ነው፤ ኮምጣጤ ለመስታወት እንጂ ለኮንክሪት አይሆንም። በዓመት አንድ ጊዜ ሰው በሚበዛበት ቦታ ላይ ውሃ ጠብ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ማሸጊያው ሥራውን እየሠራ ነው፣ ሰርጎ ቦታውን ካጠቆረው ግን ማሸጊያው የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል።